የእማዬ ስልሳ ሦስት

ሐምሌ 8

እኔ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ዓመት ከሰባት ወር፣ አእምሮዬ ጤነኛ (አያቴ ባይስማሙበትም)፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የአያቴን ቀይ እስክሪብቶ ሰርቄያለሁ። በአሁኑ ሰዓት የሚገኘው በግራ እግር የዝናብ ቦቲዬ ውስጥ ነው። ምሕረት አልለምንም። ምክንያቴ ብቻ ይሰማልኝ።

አያቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ እስክሪብቶው ግን አልወጣም። ጋዜጣ ያርማሉ። የመድኃኒታቸውን መመሪያ ያርማሉ። ለልደታቸው የጻፍኩላቸውን ካርድ አርመው መለሱልኝ። ከአሥር ሰባት። ከሥሩ፦ «ሐሳቡ መልካም፤ ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረችው።» በልደት ካርድ ሰባት ያገኘ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

«ፌንጣ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው፣ አንድ ቦታ አልቀመጥም ብለው። ስም ወጣልኝ ቀረ። እውነተኛ ስሜን የሚያውቀው አሁን የትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ነው።

ሌላ ምንም የለም ዛሬ። ዝናብ። እማዬ ከሥራ ገባች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ዘጋች። ከፈተች፣ ዘጋች።

«አልወጣም?» አልኳት።

«ምኑ?»

ምኑ! አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ተቀምጣለች፣ ስድስት ወር ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስታጠና ማስታወሻዋ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ተቀላቅሎ ስንለቅም ኖረናል... ምኑ ትለኛለች።

ሐምሌ 10

ወጣ። ስልሳ ሦስት።

ደስ ይበለን ወይስ እንዘን? የሚነግረን ጠፋ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ማለፊያው ስልሳ ነው። ስለዚህ እማዬ አልፋለች። ያመለከተችበት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ግን ለውሃ ትምህርት ክፍሉ የቆረጠው ስልሳ ስምንት ነው። ስለዚህ እማዬ ወድቃለች። አልፎ መውደቅ! ይሄን የፈለሰፈ ሰው እቤቱ ምን ዓይነት ደረጃ ይኖረው ይሆን... ወጣህ ስትል የምትወርድበት?

አባዬ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ዓለምን የሚያያት በሊፍት በር ስንጥቅ ነው። ትንሽ አሰበና «ሁለት ፎቅ መሃል ነው የቆምሽው» አላት። «መሃል ላይ ሲቆም በር መደብደብ ዋጋ የለውም። ቀረብ የሚለውን ፎቅ አይቶ መውጣት ነው።»

«እኔ ሊፍት አይደለሁም።»

«አላልኩም እኮ። ሊፍቱ ውስጥ ነሽ ነው ያልኩት።»

አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በእኔ ጊዜ ስልሳ ሦስት 'ደህና' ነው። 'በጣም ደህና' አይደለም። ደህና።» ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱ። «እስክሪብቶዬን ያየ ሰው አለ?»

ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ አለን ለካ።

እማዬ ንጹሕ ብርጭቆ አጠበች። ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፣ እንደገና አጠበችው። ደግማ አየችው። ደግማ አጠበችው።

አንጀቴን በላችው።

ሐምሌ 11

እስክሪብቶውን ሶፋ ሥር «አገኘሁት»። ቤቱ አዝኗል፤ አንድ ሰው እንኳ ደስ ይበለው። (ጋዜጣው ላይ አሥራ አንድ ስሕተት አገኙ። ፊታቸው በራ።)

ሐምሌ 15

መውጫ አለ! አልፈው የወደቁ ሰዎች፣ ቦታ ተርፎት ወደ ቀረ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላሉ። እስከ ነሐሴ 15 ብቻ። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ ውጤቱም ለከርሞ አያገለግልም።

«ሁለተኛ አልፈተንም» ስትል ሰማኋት ለአባዬ። «ከሆነ ሆነ። ካልሆነ በቃኝ።»

አባዬ ሊፍት እንኳ አልጠቀሰም። ያኔ ነው የፈራሁት።

የውሃ ትምህርት ያላቸው፣ ቦታ የተረፋቸው አራት ናቸው። ማመልከቻ ጻፈች። ጥሩ ማመልከቻ ነበር፣ አንብቤዋለሁ (ሳልጠየቅ)። ከዚያ ምን አደረገች? ለአያቴ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አዩላት! «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በውሃ ምርመራ ላብራቶሪ ሠርቻለሁ» የሚለውን ሰርዘው «መጠነኛ ልምድ አለኝ» አሉ። ሁለት ጊዜ የተሸለመችውን ጭራሹን አጠፉት። ጠርዙ ላይ በቀይ፦ «ሰው ራሱን አያመሰግንም። ጎረቤት ይመስክር።»

«ጎረቤቱን በፖስታ አብረን እንላከው?» አልኩ።

በዓይናቸው ገረፉኝ።

ሲጨርሱ ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይሄን ነው፦ እኔ ትንሽ የማውቅ፣ ትንሽ የሠራሁ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ካለ ተሸማቅቄ የምቀመጥ ነኝ። እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አመሰግናለሁ አባባ» ብላ እንዳለ ገለበጠችው። የአርባ አራት ዓመት ሴት! ለአራቱም ላከችው።

ሐምሌ 21

ሁለቱ መለሱ። አይሆንም። አንደኛው «በመስኩ የካበተ ልምድ ላላቸው ቅድሚያ ሰጥተናል» ይላል።

የካበተ ልምድ! ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «አባባ፣ እርስዎ 'መጠነኛ' ያሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው። ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ኢምንት?»

«ፌንጣ፣ ተይ» አለች እማዬ።

አያቴ ደብዳቤውን ወሰዱ። አነበቡት። መልሰው አነበቡት። ምንም አላረሙም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ስንፈልገው የነበረ ድል ሲመጣ እንዲህ ነው የሚቀፈው? ማንም አላየኝም እንጂ እስክሪብቶውን ወስጄ በራቸው ሥር አንሸራተትኩላቸው።

ሐምሌ 24

እማዬ መነጽሯን ረስታ ሄደች። አደረስኩላት። ላብራቶሪው ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ጥበቃው ስልኬን ተቀበለኝ። ስልክ ወደ ምርመራ ክፍል አይገባም፣ የሠራተኛም ቢሆን። በመስታወቱ አየኋት። ነጭ ጋዋን፣ ጓንት፣ ረድፍ ጠርሙስ። አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ነው የምትለካው። አንዴ ለካች፣ ጻፈች። ደገመች፣ ጻፈች። ሠለሰች። ሦስቱ ካልተስማሙ እንደ አዲስ። እቤት ብርጭቆ የምታጥበው ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

አንድ አዲስ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ትናንት የለካኋት ናት፣ ትክክል ናት፣ ፈርሚልኝ። ሊወስዱት ቆመዋል።»

«አንተ ስትለካ ነበርኩ?»

«አልነበርሽም። ግን እኔን ታምኚኛለሽ አይደል?»

«አምንሃለሁ። ጠርሙሱን አምጣው።»

«እትዬ ሙች፣ ሰዎቹ ቆመዋል!»

«ወንበር ስጣቸው። ያልለካሁትን ቁጥር አልፈርምም።»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «እቤትም እንዲህ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እቤት ጨውም በጓንት ነው የምትጨምረው» አልኩት።

ውሸት ነው። ግን ሳቀ።

ሐምሌ 28

የምጽፈው በጥድፊያ ነው። ከሣቅ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

እማዬ ቀን ቀን ስልክ ስለማታነሳ ማመልከቻው ላይ የሞላችው የቤቱን ቁጥር ነው። አባዬ ሥራ፣ አያቴ ፀጉር ቤት። ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። አነሳሁ። ድምፄና ድምፅዋ አንድ ነው፤ አክስቴ ባለፈው ስለ ወገቧ ሩብ ሰዓት ካወራችኝ በኋላ ነው የለየችኝ።

«ሄሎ? ለውሃ ትምህርት ክፍል ያመለከቱት እርስዎ ነዎት?» ፈጣን የሴት ድምፅ። ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

እዚህ ላይ «አይደለሁም፣ ልጇ ነኝ» ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ቃል። ግን «በኋላ ትደውል» ብላ ብትረሳንስ? ወይ ወደሚቀጥለው ስም ብትሄድስ? ሁለቱ እምቢ ብለዋል፣ ሦስተኛው ድምፁም የለ...

ዓይኔን በጨው አጥቤ፦ «አዎ፣ ነኝ።»

«ፕሮፌሰር ነኝ፣ ክፍሉን የምመራው። እውነቱን ልንገርዎት? ማመልከቻዎ ምንም አይልም። 'መጠነኛ ልምድ' ይላል። መጠነኛ ስንት ዓመት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው መጠነኛ?»

«አያ... አባቴ ናቸው መጠነኛ ያሉት። ርዕሰ መምህር ነበሩ።»

ሳቀች! «ገባኝ። እሺ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ለምን አሁን?»

እግዜር ይይልኝ፣ ያሰብኩበት አልነበረም። እንዲሁ ወጣ። «ጠርሙስ ያመጡልኛል፣ ቁጥር እሰጣለሁ። ጠርሙሱ ከየት መጣ፣ ቁጥሩ ወዴት ሄደ፣ የሚነግረኝ የለም። ዘመድ ቤት ሄጄ እንኳ ብርጭቆውን ወደ መብራት ሳላነሳ አልጠጣም፤ ልጄ ታፍርብኛለች። ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ሲያነብ ቢኖር፣ ሌላውን ማየት አይፈልግም?»

ወረቀቱ መንኮሻኮሹን ተወ።

«ደብዳቤ ይደርስዎታል» አለችና ዘጋች።

ጨፈርኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ሐምሌ 29

«የደወለ ሰው ነበር?» አለች እማዬ። «የለም» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔው አፋፉንም አልፎ ሄዷል።

ነሐሴ 1

ደብዳቤው መጣ። «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ነሐሴ 4 ቀን ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ...»

በስልክ በተነጋገርነው! ምናለ «በስልክ» የምትለውን ብትተዋት?

እማዬ ሦስት ጊዜ አነበበችው (በእርግጥ)። ቀና አለች። «ከማን ጋር ነው የተነጋገርኩት?»

አባዬ እኔን አየ። አያቴ እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው በዚህ ጊዜ አላዳነኝም።

ተናገርኩ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። «ስንት ሰዓት? ምን ጠየቀችሽ? ምን አልሽ? ቃል በቃል።» እንደ ናሙና መዘገበችኝ። አባዬ ሣቁን መያዝ አቅቶት ኮሪደር ወጣ። «አንድ ገጽ ብቻ ሲያነብ ቢኖር» የሚለው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ይሄን እኔ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ?»

«የምታስቢው መስሎኝ።»

አላየችኝም። ወረቀቱን አጣጠፈችው። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ጉድ የፈላው ከዚያ ነው። አያቴ፣ የእኛው አያቴ፣ ስም ሲጠራ ለጓደኛው «አቤት» ያለውን ተማሪ አንድ ወር ያገዱት ሰውዬ፣ ምን አሉ? «ዝም ብለሽ ሂጂ። ማን ያውቃል? ድምፃችሁ እንደሆነ አንድ ነው።»

ሁላችንም ዞርን።

«አባባ! እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?» አልኩ።

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ፣ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን እየሸፈኑ።

«ያልለካሁትን አልፈርምም» አለች እማዬ። «እናገራለሁ።»

«ቢያስወጡሽስ?» አለ አባዬ ከኮሪደር።

«እወጣለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንቺም ትሄጃለሽ። ያንቺ ናሙና ነው።»

ነሐሴ 4

ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ። ስንሄድ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ሙዝ ሰጠችኝ፣ ግን በዝምታ። በዝምታ የተሰጠ ሙዝ በልቶ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ወንዝ ዳር ነው። ኮሪደር ላይ ሁለት ሌሎች ተጠያቂዎች፣ ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም ወፍራም ፋይል የያዙ። የእማዬ ፋይል ቀጭን ነው። እማዬ ተጠራች። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም... እና ጆሮዬ እንደምታውቁት ነው። (ማን ነው «እናንተ»? እኔው ነኝ የማነበው።)

«ከመጀመራችን በፊት» አለች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። «በስልክ ያነጋገሩት እኔን አይደለም። ልጄን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እውነት ነው፣ የሥራ ማስረጃዬ ይኸው። የቀረውን ግን የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። በእኔ ስም እንዳይያዝልኝ ብዬ ነው።»

ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማኝ።

«ልጅዎ የት ናት?»

«በሩ ላይ ተለጥፋለች።»

ተላቀቅኩ። አስገቡኝ። ፕሮፌሰሯ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች። «አናትዎ ላይ ነው» አልኩ። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«ድምፁስ እሱ ነው» አለች ፕሮፌሰሯ። «በሥራ ሰዓቴ እኔን ማታለልሽን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ይቅርታ። ግን እሷ ጥፋት የለባትም። እሷ ቢሆን ኖሮ 'አስቸገርኩዎት' ብላ ትዘጋው ነበር።»

«ውጪ። በሩንም ዝጊው።»

ዘጋሁት። ያው ይሰማል።

ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ለምን አሁን? እማዬ፦ «አላውቅም። ከወንዙ የሚመጣው ናሙና በክረምት አጋማሽ ለሁለት ሳምንት ይለወጣል። በየዓመቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለክቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄ 'ያንቺ ሥራ መለካት ነው' ተባልኩ። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

የእኔ መጽሐፍና ገጽ ምንድን ነው? ጌጥ ነው። የእሷ «አላውቅም» ግን... ቀናሁ ልበል? ቀናሁ።

ቦታው አንድ ነው። ሦስት ሰው አለ። እስከ 15 ያሳውቃሉ።

ስንመለስ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ «ተለጥፋለች ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት። «በሰው ፊት!»

«እናትሽ ነኝ» አለች። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከበደችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለት ሰዓት! እኔ!

ነሐሴ 8

ስልኩ አልጮኸም። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲም መለሰ፦ አይሆንም።

ነሐሴ 11

አያቴ በረንዳ ላይ። ጋዜጣው ጭናቸው ላይ፣ አንድም ቀይ የለበትም።

«ታመሙ እንዴ?» አልኳቸው።

«ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጥኩ። ያልታዘዝኩት ነገር የለም ዛሬ።

«እናትሽ በሃያ አራት ዓመቷ ገብታ ነበር። ለዚሁ ለሁለተኛ ዲግሪ። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ያመጣሁላት እኔ ነኝ።» እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። «'ቆይ' አልኳት። 'መጀመሪያ ሥራ ያዢ፣ ትምህርት የትም አይሄድም።' ቆየች።»

«እምቢ አላለችም?»

«መቼ ብላኝ ታውቃለች?»

እሳቸውም ቀጠሉ፦ «ያን ማመልከቻ ሳርም... ልጄን ማሳነሴ አልታየኝም። ጨዋ ያደረግኳት መሰለኝ።»

ጋዜጣውን ወሰድኩና አንድ ስሕተት ፈልጌ አሳየኋቸው። አላረሙትም። ግን እጄን ያዙኝ። እጃቸው ደረቅ ነው፣ ጠመኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠጣው።

ነሐሴ 15

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ሁሉም እንዲገባ።

የመጨረሻው ቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም። እማዬ ጠዋት «ዛሬ ብዙ ናሙና አለ» ብላ ሥራ ሄደች፣ እንደ ማንኛውም ቀን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ።

አልነካሁትም። እጄን ከኋላዬ አሥሬ «አባባ! ስልክ!» አልኩ።

አነሱት። በርዕሰ መምህር ድምፅ፦ «ማን ልበል?» አዳመጡ። «የለችም። አባቷ ነኝ... አዎ፣ 'መጠነኛ' ያልኩት እኔው ነኝ።» (አንገታቸው ቀላ።) «እሺ... እሺ... እስከ አሥራ አንድ?»

ዘጉ። እማዬ ሁለተኛ ሆና ነበር። አንደኛው ሌላ ዘንድ አግኝቶ አሁን ተወው። ቦታው የእሷ ነው፣ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ራሷ ደውላ «እቀበላለሁ» ካለች ብቻ። ፕሮፌሰሯ «በራሷ አፍ» ብላለች። ይገባታል።

ላብራቶሪው ቢሮ ደወልን። ያዘ። ደወልን። ያዘ።

«ልሩጥ!» አልኩ። «አሥር ደቂቃ!»

«አትሮጪም» አሉ ኮታቸውን እያጠለቁ። «ይሄን የምነግራት እኔ ነኝ።»

ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው ናቸው። ወጣን። እኔ ከኋላ፣ ከንፈሬን እየነከስኩ። መጀመሪያ ሄዱ። ከዚያ ፈጠኑ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ... ሮጡ! አያቴ! በቤት ጫማ፣ ያውም አንዱ ከእግራቸው ወልቆ አንስቼ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ የሮጠ ተማሪ ያንበረክኩ የነበሩ ሰው በአንድ እግር ካልሲ አስፋልት ላይ እየሮጡ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላሉ።

ጥበቃው ከለከላቸው። መስታወቱን በመዳፋቸው መቱት። እማዬ ቀና አለች። አባቷን አየች፣ ካልሲውን አየች፣ ሰው የሞተ መሰላት። እኔ በምልክት «ስልክ! አዎ! አዎ!» አልኩ እየዘለልኩ። ገባት። ፊቷ... እሱን መጻፍ አልችልም።

ከዚያ ምን አደረገች? ሁለት ጣት አሳየች። ሁለት ለክታለች። አንድ ይቀራል።

አሥር ሰዓት ከሃያ!

«ልጄ!» አሉ አያቴ በመስታወቱ፣ ላብ እየወረደባቸው። «አትቆዪ! ይሄን እንኳ ተዪው፣ አትቆዪ!»

እየሳቀች ነበር፣ እንባዋ በመነጽሯ ሥር እየወረደ። ሦስተኛውን ለካች። ጻፈች። ፈረመች። ጓንቷን አወለቀች። ከጥበቃው ስልክ ደወለች፣ ጥበቃው ወንበሩን ለአያቴ ለቆ። እኔ ጫማቸውን እንደ ሕፃን አቅፌ።

«አዎ» አለች። «እኔው ነኝ። እቀበላለሁ።»

ድምፅዋ አልቀጠነም።

መስከረም 27፣ ቅዳሜ

የምጽፈው ከመጨረሻው ረድፍ ነው። ትልቅ አዳራሽ፣ የአዲስ ተማሪዎች ገለጻ፤ ቤተሰብ መምጣት ይችላል ተብሎ መጣሁ። እማዬ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ናት። ላብራቶሪው ፈቅዶላታል፤ የወንዙን ናሙና ይዛ መጥታ እዚሁ ትለካለች። አባዬ ሩዝ መቀቀል ለምዷል፣ ሁለት ፎቅ መሃል የሚቆም ሩዝ፣ ከላይ ጥሬ ከታች አራራ። አያቴ መርቀዋት፣ ሻንጣዋን ተሸክመው (ይስጡኝ፣ አልሰጥም ብለን ተጣላን) አውቶቡሱ ድረስ ሸኟት። «ባትቸኩዪ...» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እቤት አትኖርም። ማን ነው ብርጭቆ ወደ መብራት የሚያነሳው? እንዳትናፍቀኝ ወስኛለሁ። ውሳኔው ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ እየተሞከረ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስቱም አልተስማሙም።

ግን ይሄን ይዩልኝ። መድረኩ ላይ መላጣ ሰውዬ ስለ ቤተ መጻሕፍት ደንብ ይናገራል። ሁሉ በጸጥታ ያዳምጣል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለች አንዲት ሴትዮ ግን ሃያ ሦስት ዓመት በማይሞላቸው በሁለት ልጆች መሃል ተቀምጣ... ትንሾካሾካለች! ወረቀት ተቀበለች። አነበበች። አፏን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አያት። ደንታም የላት! የማን ልጅ ናት? ቤተሰብ የላትም? ደግሞ አሁን አንዷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ማፈሪያ። ለአያቴ እነግራለሁ። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም... መቼም። አንድ ጊዜም። ይሄን ሁሉ ሣቅ የት አስቀምጣው ነበር?

ልጆቹ ዞረው ያዩኛል። ስለ እኔ እየነገረቻቸው ነው። በጣቷ ታሳያቸዋለች፦ ያቺውላችሁ፣ በስልክ የተፈተነችልኝ። ራሴን ደብተሩ ውስጥ ቀበርኩ። የምጽፍ መስዬ እጽፋለሁ።

ሰውዬው ንግግሩን አቆመ። ለምን አቆመ? ጫማ ይሰማኛል። በረድፉ መሃል ወደዚህ... ቀና ብል ይሻላል? ደብተሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ እማዬ ናት፣ እያነበበችው ነው፣ «ማፈሪያ» የምትለዋ ላይ ደርሳለች፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ፦

«ፌንጣ!»